የሶፋው ካፒቴን

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 11,500 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ይህን ለማወቅ ዛሬ አትላስ ማገላበጥ ቀርቷል፤ የሁለቱን ኤርፖርቶች ስም ስልክ ላይ መጻፍ ይበቃል። ስልኩ ርቀቱንም፣ የሚፈጀውንም ሰዓት፣ ካሻችሁም በማይል ለውጦ ይነግራችኋል። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጎዳም። ጉዱ የሚጀምረው ቁጥሩ አንድ አዋቂ እጅ ሲገባ ነው።

በየቤቱ አንድ ካፒቴን አይጠፋም። አውሮፕላን የተሳፈረም ያልተሳፈረም ሊሆን ይችላል፤ እኔ እንደታዘብኩት ያልተሳፈረው ይበልጥ እርግጠኛ ነው። በአዘቦት ቀን ድምፁ አይሰማም፤ ዜና ያያል፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ ያማርራል፣ ያንጎላጃል። ከቤተሰቡ ለአንዱ ቪዛ የተመታለት ቀን ግን፣ ወይም አሜሪካ ያለችው እህት «ለገና እመጣለሁ» ያለች ዕለት፣ ከሶፋው ሳይነሣ ሥልጣኑን ይረከባል። ቲኬቱን ከተጓዡ በፊት የሚያነበው እሱ ነው። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደርግና ወረቀቱን ከራሱ አርቆ ይይዛል፤ ከዚያ ቴሌቪዥን አስጠፍቶ ሒሳብ ይሠራል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቲኬቱ አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ 22:30 ላይ ተነሥቶ ዋሽንግተን በማግስቱ 08:30 ላይ ያርፋል ይላል እንበል። ካፒቴኑ በጣቱ ይቆጥርና «አሥር ሰዓት» ብሎ ያውጃል። ቀጥሎ መመለሻውን ያያል። ከዋሽንግተን 11:00 ላይ ተነሥቶ አዲስ አበባ በማግስቱ 07:00። እንደገና ይቆጥራል። «ሃያ ሰዓት!»

እማማ ከወዲያ ሆነው ጥጥ እየፈለቀቁ ይሰማሉ። «ምነው፣ ሲመለስ ይደክመዋል እንዴ?»

ካፒቴኑ መልስ አጥቶ አያውቅም። «መሬት ትዞር የለም እንዴ እማማ! ሲሄድ አገሩ ወደ እሱ ይመጣለታል፣ ሲመለስ ይሸሸዋል።» የተሰበሰበው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ነገሩ አሳማኝ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳለን የሰማነውና ለፈተና ብለን የረሳነው ነገር ይመስላል። እውነት ቢሆንማ እንዴት ያለ ግልግል ነበር! ሄሊኮፕተር ተከራይቶ ከቦሌ በላይ አንድ ቦታ ረግቶ መጠበቅ ነው፤ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አሜሪካ ራሷ እየተንከባለለች ከሥራችን ትደርስ ነበር። ቪዛ የሚጠይቀንም አይኖርም፤ የመጣችው እሷ ናትና።

እውነቱ የካፒቴኑ ግልባጭ ነው። መሄጃው መንገድ ላይ የሚታረፍበትን ጨምሮ ወደ 17 ሰዓት ይፈጃል፤ መመለሻው ወደ 13። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ስለሆነ አንዱን ከሌላው መቀነስ የትም አያደርስም። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ አሜሪካኖቹ በየማርቹ ሰዓታቸውን ወደፊት ገፍተው በየኖቬምበሩ ስለሚመልሱት። ካፒቴኑ ይህን ሰምቷል፤ አልተቀበለውም። «ሰዓት እንዴት ይገፋል?» ይላል፤ እዚህ ላይ እንኳን ብዙም አልፈርድበትም። ውጤቱ ግን ዲሲ ባለችው ልጅ ላይ ይወርዳል። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ስልኳ ይጮህና ደንግጣ ስታነሣው «ምሳ በላሽ?» ትባላለች።

የመሬትን መዞር በተመለከተም ነፍሷን ይማርና ሳይንስ ሌላ ትላለች። አየሩም ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል፤ አውሮፕላኑ ደግሞ የሚሄደው በዚያው አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ መሬት ለሂያጅም ለተመላሽም አታዳላም። የሚያዳላው ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ወደ አሥር ኪሎሜትር ከፍታ ላይ፣ በተለይ በሰሜን አትላንቲክ ሰማይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚገሰግስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በሰዓት ከ200 ኪሎሜትር በላይ የሚከንፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄደው ደረቱን ይመታዋል፤ ወደ አገር ቤት የሚመለሰውን ከኋላው ይገፋዋል። ናፍቆት ነው የሚገፋው ብትሉም ካፒቴኑ ይቀበላችኋል።

ሁለተኛው ምክንያት እግራችን ሥር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጧል። ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ የሚስበው፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሳል። ከዋሽንግተን ሆዱን ሞልቶ የሚነሣው አውሮፕላን ከቦሌ ያንኑ ክብደት ይዞ ልነሣ ቢል አስፋልቱ ያልቅበታል። ስለዚህ ከሰውና ከነዳጅ አንዱ መቀነስ አለበት። ሰው ከፍሏል። የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዲሲ ሲሄድ ለዓመታት አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ እያረፈ የቀዳው፣ ሲመለስ ግን በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ የገባው ለዚህ ነው።

«ለምን ደብሊን?» የሚለው ጥያቄ ካፒቴኑን ለአንድ ሙሉ ምሽት ሥራ ያስይዘዋል። የልጆቹን የዓለም ካርታ ያስመጣና ማስመሪያ ያስቀምጥበታል። ማስመሪያው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቻድንና ማሊን አቋርጦ አትላንቲክ ውስጥ ይገባል። አየርላንድ ወዲያ ላይ፣ ከካርታው ጣሪያ አጠገብ ናት። «ይኸው! በአንድ አገር ያህል ዞረው ነው የሚወስዷቸው፤ ብር ለማስከፈል ነው» ይላል። ወረቀት ጠፍጣፋ፣ መሬት ግን ድቡልቡል መሆኗን አንድ ሰው ሊያስረዳው ይሞክራል። ሉል ላይ ክር ወጥሮ ላየው አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይቆለመማል፤ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ስፔን ላይ ይወጣና ውቅያኖሱን ይሻገራል። ደብሊንን መርገጥ በዚህ ላይ የሚጨምረው ከ300 ኪሎሜትር አይበልጥም፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚሆን እንኳ አይሆንም። ቤቱ ውስጥ ሉል የለም። ማስመሪያው አሸነፈ።

እዚህ ሳሎን ውስጥ አውሮፕላን እንዴት ከስስ አየር ላይ ይነሣል የሚል ክርክር ሲካሄድ፣ ጓዳ ደግሞ በርበሬ እየታሸገ ነው። ለመንገደኛ የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ድምሩ 46። ይህን ቁጥር በአገራችን ከሕገ መንግሥቱ የበለጠ ሰው ያውቀዋል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ የተነጠረ ቅቤ ተብሎ ያልተጻፈበት ቅቤ፣ ለእገሊት ልጅ የሀበሻ ቀሚስ፣ ለጎረቤቷ የማታውቃት ሴት የቡና ጀበና። ሦስት መቶ መንገደኛ እንዲህ ጭኖ ቢሳፈር ወደ 14 ቶን ይመጣል። ደብሊን ላይ ይቀዳ ከነበረው ነዳጅ ግማሹ የበርበሬው ድርሻ ነበር የሚል ሰው ቢመጣ በበኩሌ አልከራከረውም።

የቤት ውስጥ ሚዛን አሠራሩም መታየት አለበት። አንድ ጎረምሳ ሻንጣውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ቁጥሩ ይነበባል፤ ሻንጣውን አስቀምጦ ብቻውን ይወጣል፤ ይቀነሳል። ሻንጣው 22 ኪሎ ይሆናል። ሌላ ጎረምሳ ሲያነሣው 25 ይሆናል። ቤተሰቡ የመጀመሪያውን ጎረምሳ ያምናል። ኤርፖርት ሲደረስ የኤርፖርቱ ሚዛን ሁለተኛውን ጎረምሳ ሆኖ ይገኛል። ሻንጣው ወለል ላይ ይከፈታል፤ ለወራት በምስጢር የተያዘው የቤተሰቡ የውስጥ ልብስ ለሕዝብ ይታያል። ሦስት ኪሎው ሽሮ ወደ እጅ ቦርሳ ይዛወራል፤ ሁለቱ ጃኬትና ጋቢው ተጓዡ ላይ ይደረባሉ። ተጓዡ በላብ እየታጠበ፣ ግን በድል አድራጊነት መንፈስ ቦርዲንግ ፓሱን ይቀበላል። አውሮፕላኑ ያነሣው ክብደት በአንድ ግራም አልቀነሰም።

ከርቀቱ ይልቅ ሰው የሚያስቀረው ግን ቀኑ ነው። የኛ ቀን ጎሕ ሲቀድ ይጀምራል፤ የቲኬቱ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ። ከቦሌ ደግሞ ወደ ውጭ የሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ የሚነሡት በዚያው በእኩለ ሌሊት ግድም ነው። ቲኬቱ «ማክሰኞ 00:40» ካለ፣ ለኛ ሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከአርባ ነው። ቤተሰቡ ግን ማክሰኞ ነው ተብሎ ተነግሮታል። ሰኞ ማታ አውሮፕላኑ አንድ ወንበር ባዶ አድርጎ ይሄዳል፤ ማክሰኞ ጠዋት በግ ይታረዳል፣ ቀትር ላይ ቄሱ መጥተው ይባርካሉ፣ ማታ በሦስት መኪና ተጭኖ ቦሌ ይደረሳል። የበሩ ጥበቃ ቲኬቱን አገላብጦ ያያል፣ ሰዎቹን ያያል፣ እንደገና ቲኬቱን ያያል። ይህን ዓይነት ፊት አስቀድሞ እንዳየ ያስታውቅበታል።

«07:00» የተጻፈበትን ከምሳ በኋላ ነው ብሎ ተረጋግቶ ምሳውን የበላም አለ። ኦክቶበር 5ን ጥቅምት 5 አድርጎ ዐሥር ቀን ሙሉ ሲዘጋጅ የቆየም አይጠፋም። እኔ ለራሴ የኛን ሰዓት እደግፋለሁ፤ ሰው ሁሉ በተኛበት በድቅድቅ ጨለማ ቀን ተለወጠ ማለት እስከዛሬ አይዋጥልኝም። ግን ድጋፌ አውሮፕላን አያቆምም።

ቀኑ በትክክል ተይዞ የተወጣበት ቤት ደግሞ ሽኝቱን ይመልከት። አየር መንገዶች ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ ይላሉ። ካፒቴኑ በዚህ ላይ ለትራፊክ ሁለት ሰዓት፣ ለማይታወቅ ነገር አንድ ሰዓት ይጨምራል። ከመገናኛ ቦሌ ለመሄድ ስድስት ሰዓት ተይዞለት የሚወጣ ቤተሰብ በሃያ አምስት ደቂቃ ይደርሳል፤ በዚያን ዕለት ብቻ መንገዱ ጭር ይላልና። ሸኚ ወደ ተርሚናሉ ስለማይገባ ሕዝቡ መኪና ማቆሚያው ላይ ይሰፍራል። ስንብቱ ተጀምሮ ያልቃል፤ ጊዜ ስለተረፈ እንደገና ይጀመራል። አክስት ለሁለተኛ ጊዜ ታለቅሳለች፣ ከመጀመሪያው ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጋ። ፎቶ ይነሣል። ፎቶው ላይ ያልነበረችው ተቆጥታ እንደገና ይነሣል።

ተጓዧ ልጅ ገብታም ሕዝቡ አይበተንም፤ አውሮፕላኑን ካላየ አይሄድም። ቦሌ በዚያ ሰዓት በየጥቂት ደቂቃው አንዱን ስታስነሣ ታመሻለች። መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ አንዱ ሲነሣ «ያችውላት! የሷ ናት!» ይባላል፤ እጅ ይውለበለባል፣ እልልታ ይቀልጣል፣ እማማ በመስቀል ምልክት ይባርካሉ። አውሮፕላኑ ዱባይ የሚሄድ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ይነሣል፤ «እንዴ፣ ይኼ ነው መሰለኝ» ይላል አንዱ። ይህም ይባረካል። እንዲህ ሲሆን ስንት የማያውቁት መንገደኛ የማያውቁት እናት ምርቃት ተሸክሞ እንደሄደ እግዜር ይወቀው። ከዚያ የልጅቷ ስልክ ይደወላል። «ገና ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው፤ በሩም አልተከፈተ።»

ካፒቴኑ በዚህ አይረበሽም፤ የእሱ ሰዓት የሚመጣው ቤት ሲገባ ነው። የአውሮፕላን መከታተያውን አፕ ይከፍታል። ካርታ ላይ ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን አለች፤ ሲጫኗት ከፍታዋን፣ ፍጥነቷን፣ የቀራትን ኪሎሜትር ትናገራለች። ማንም አይተኛም። በየአምስት ደቂቃው «የት ደረሰች?» ይባላል፤ እሱም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ድምፅ አውጥቶ ይመልሳል። ድሮ የሄደ ሰው «በሰላም ገብቻለሁ» ብሎ እስኪደውል ድረስ እግዜር ይጠብቀው ተብሎ ይተኛ ነበር። ዛሬ የእግዜርን ሥራ ቤተሰቡ በፈረቃ ይሠራዋል።

መጀመሪያ የሚያስደነግጠው መስመሩ ነው። ሱዳን ውስጥ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ አውሮፕላኖች አብዛኛውን የሱዳን ሰማይ ይሸሹታል፤ ዳር ዳሩን ይዞራሉ። ያ የሉል ላይ ክር፣ ያ ስልኩ የሰጠን የ11,500 ኪሎሜትር አጭር መንገድ፣ ጦርነት አያውቅም። ካፒቴኑም አላወቀም። ቢጫዋ አውሮፕላን ወደ ሰሜን ምዕራብ መቆልመሟን ትታ ሌላ አቅጣጫ ስትይዝ ከሶፋው ብድግ ይላል። «መንገድ ሳተች!» እማማ ነጠላቸውን ያጣፋሉ። አንድ ልጅ ሱዳን ላይ ምንም ቢጫ ነገር እንደሌለ፣ ሁሉም እየዞረ እንደሚሄድ በጣቱ ያሳያል። ካፒቴኑ ዝም ብሎ ያይና «እኔም እሱን ለማለት ነው» ይላል።

ሁለተኛው ድንጋጤ ውቅያኖሱ ላይ ይመጣል። እነዚህ አፖች የአውሮፕላኑን ምልክት በአብዛኛው የሚለቅሙት መሬት ላይ በተተከሉ መቀበያዎች ነው። አትላንቲክ መሐል ላይ ማን ይተክላል? ስለዚህ ቢጫዋ አውሮፕላን ወይ በግምት ትሄዳለች፣ ወይ ጭራሽ ትጠፋለች። ስትጠፋ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን መናገር አይቻልም። ድርሳነ ሚካኤል ይወጣል። ጃንጥላ ለቁልቢ ገብርኤል ይሳላል። አንዱ አጎት አየር መንገዱ ይደወልለት ይላል፤ ሌላው ኤምባሲው ይሻላል ይላል። ልጅቷ በዚያች ደቂቃ ሁለተኛ ፊልም ጀምራ፣ ዶሮውን ወይስ ፓስታውን በሚለው ላይ እያሰበች ነው። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ካናዳ ዳርቻ ላይ ቢጫዋ ብቅ ስትል እልልታው ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ጃንጥላው ግን ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

የአገር ውስጡ ከዚህ ያነሰ ድራማ አለው፤ ጉራው ግን አያንስም። ከቦሌ እስከ ባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር ወደ 330 ኪሎሜትር ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ 560 ገደማ ይሆናል። አውሮፕላን የሄደው ሰውዬ ሠርግ ላይ ተቀምጦ «በሃምሳ ደቂቃ ገባሁ» ይላል። በሌሊት ተነሥቶ በራይድ ቦሌ መሄዱን፣ ሁለት ጊዜ ጫማና ቀበቶ መፍታቱን፣ የተላለፈ በረራ መጠበቁን፣ ዕቃው እስኪመጣ መቆሙን፣ ከኤርፖርት ባጃጅ ጋር መጨቃጨቁን ከሒሳቡ አውጥቶታል። አብሮት ሊሄድ የነበረው፣ በዋዜማው በመኪና የመጣ ዘመዱ ጥብስ በልቶ ጨርሶ እጁን እየታጠበ ይህን ጉራ ያዳምጣል።

አየር መንገዶችም ካፒቴናችንን ያውቁታል መሰለኝ። በዓለም ዙሪያ የተለመደ አሠራር ነው፤ የጉዞው ሰዓት ሲጻፍ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ያለው ሲሆን፣ በዚያ ላይ ለወረፋና ለነፋስ ትንሽ ትርፍ ደቂቃ ይታከልበታል። ዘግይቶ ተነሥቶም «በሰዓቱ» ይደርሳል። እንደውም ቀድሞ ከደረሰ አብራሪው በማይክ ያበሥራል፤ መንገደኛውም ያጨበጭባል። በትርፍ የተጻፈለትን ዐሥር ደቂቃ ተመልሶ ስለተሰጠው ነው የሚያጨበጭበው። ጎማው መሬት በነካ በሁለተኛው ሰከንድ ሁሉም ብድግ ብሎ ላይኛውን ሣጥን ይከፍታል፤ በሩ ሳይከፈት ሩብ ሰዓት አንገቱን ሰብሮ ቆሞ «ገባሁ ገባሁ» እያለ ስልክ ያወራል። ስለዚህ ነገር ብዙ ተጽፏል፤ እኔም ከሚቆሙት ውስጥ ስለምገኝ ልለፈው።

አንድ ርቀት ላይ ግን ካፒቴኑ ዝም ሲል አይቼዋለሁ። ከአዲስ አበባ አስመራ 700 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ በጄት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የውጭ በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ መንገድ ላይ ያረፈው አስመራ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ግን ያው 700 ኪሎሜትር ሃያ ዓመት ሆነ። እናቱን ማየት የፈለገ ሰው አዲስ አበባን ትቶ ካይሮ ወይም ዱባይ ሄዶ፣ ከዚያ ወደ አስመራ ተመልሶ ነበር የሚገባው፤ በአካባቢው አየር ሺሕ ኪሎሜትሮችን እየቆጠረ። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. አውሮፕላኑ እንደገና ሲነሣ መንገደኛው ውስጡ ጨፈረ፣ ተላቀሰ፣ ሻምፓኝ ተከፈተ። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ቆመ። ስልኩን ዛሬ ብትጠይቁት ያለአንዳች ማመንታት 700 ኪሎሜትር፣ አንድ ሰዓት ከጥቂት ይላችኋል። የፖለቲካ ሰዓት አቆጣጠር የሚሠራ አፕ ገና አልወጣም፤ ቢወጣም በየሳምንቱ አድሱኝ ማለቱ አይቀርም።

ካፒቴኑ ወደ ሥራው የተመለሰው የአዲሱ ኤርፖርት ወሬ ሲመጣ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ የሚባል ቦታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 40 ኪሎሜትር ርቆ እየተሰናዳ ያለው ማለቴ ነው። ቦሌ ከተማው ዙሪያውን ስለከበበው መስፋፊያ አጥቷል፤ አዲሱ ቦታ ደግሞ ከቦሌ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ያለ ስለሆነ አውሮፕላኑም በተሻለ ይተነፍሳል፤ ምናልባት ነዳጅም በርበሬም አብረው የሚነሡበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ካፒቴኑን የያዘው ግን ይህ አይደለም። አርባን ለሰማንያ አካፍሎ «ግማሽ ሰዓት» ብሎ አውጆ ነበር። ወዲያው ቃሊቲ ትዝ አለውና ሁለት ሰዓት አደረገው። ዝናብ ቢኖርስ? ሦስት። ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለ፤ ስድስት። ለማይታወቅ ነገር አንድ። ሰባት ሰዓት ከሆነማ፣ አሉ አጎትየው፣ ጠዋት ወጥቶ ሆራ ዳር ምሳ መብላት ነው። ምሳ ከተበላ፣ አለች አክስት፣ ልጆቹ ባቦጋያን አላዩም። ልጆቹ ከሄዱ አንድ ሚኒባስ አይበቃም። ሁለት ሚኒባስ ከተከራዩ ደግሞ ሹፌሮቹ ማታ አንመለስም ይላሉ፤ ስለዚህ ማደር ይሻላል፤ ቢሾፍቱ ሆቴል ሞልቷል። እማማ «ቄሱስ የት ያድራሉ?» ብለው ጠየቁ፤ ለቄሱም ክፍል ተያዘላቸው። ስንት ክፍል እንደሚያስፈልግ ሲጨቃጨቁ አመሹ። የሆቴሉን ሒሳብ ተጓዡ እንደሚከፍል ግን ማንም አልተከራከረም።